ውሃ ሲወቀጥ

«ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ሲባል ሰምቼ፣
የከንቱ ልፋት ነው ብዬ ተርጉሜ ትቼ፣
ሻርጃ ላይ፣ ሩላ ሰፈር፣ ካሮጌ ሕንፃ ስር፣
ፓምፕ ከሚያጓራባት ከጠባቧ ክፍል በር፣
ያቺኑ «እንቦጭ» ስለቅም፣ ስመዝን አድራለሁ፤
ዘንድሮ ደመወዜን በእሷ እቀበላለሁ።

አቡ ሱልጣን፣ ባለ ሕንፃው፣ ሒሳብ ሲያይ ተቆጣ፤
«ይህ ሁሉ ውሃ የት ገባ? ማነው የሚጠጣ?»
ሃያ አራት ቤት፣ አንድ ቆጣሪ።
ለየቤቱ ይግባ ቢባል ቧንቧ ሊቆረጥ፣
ግድግዳ ሊፈርስ፣ ሴራሚክ ሊፈለጥ፤
ዋጋውን ሲሰማ ጺሙን እያሻሸ
እንደ ረፋድ ጥላ ዝም ብሎ ሸሸ።

ቢጁ ነው የመጣው፣ የኬረላው ኤሌክትሪሺያን፤
ከሚዘፍን አሻንጉሊት ሆድ ፈልቅቆ አወጣልን
እንደ ሳንቲም የሳሳች የነሐስ ክብ።
«ይህቺ ስትንቀጠቀጥ ኤሌክትሪክ ትወልዳለች፤
ውሃ ሲያልፍ ብረት ይርዳል፣ እሷ ትመሰክራለች»
አለኝ በተሰባበረ ዐረብኛው።
ዋጋዋ ካንድ ሻወርማ ያንሳል። በጥቁር ፕላስተር
ጠቅልለን አሰርናት ከየቤቱ ቧንቧ ጋር፤
ሐኪም የታማሚን አንጓ እንደሚይዝ በጣቱ፣
ብረቱ ሳይቆረጥ፣ ሳይከፈት አንጀቱ።

ከዚያ ልኬት። እኔ ፎቅ ላይ፣ ጀሪካን ታቅፌ፣
«ክፈት!» ሲለኝ እየከፈትኩ፣ ካልሲዬን አጥፌ፣
ሃያ ሊትር እስኪሞላ ጮክ ብዬ ስቆጥር፦
በቀጭኑ መቶ ሃያ፣ በወፍራሙ አርባ።
ውሃው እጥፍ ሲሆን ንዝረቱ እጥፍ አልሆነም፤
አራት ሆኖ ይመጣል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤
ቢጁም የሚያውቅ አይመስለኝ፣ ግን አይናገርም።

ደግሞ ሌላ አለ፣ ያልጠሩት እንግዳ፤
ኮምፕረሰር ሲነሳ የሚርደው ግድግዳ፣
ሊፍቱ ሲያቃስት፣ ከባድ መኪና ሲያልፍ፤
ብረት ሐሜተኛ ነው፣ ሁሉን ያወራል፣ አያርፍ።
ስለዚህ መስመር አሰመርን፤ ከመስመሩ በታች
የሚሰማው ሁሉ ዜሮ ተብሎ ይጻፍ፣ ኮሽታ ነውና።

ሦስት መቶ አራት ቁጥር ባዶ ቤት ነው፤
ቁልፉ አቡ ሱልጣን ዘንድ፣ በሩን አቧራ ያለበሰው።
ግን ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ሲሆን፣
ከመስመሩ ብቅ የምትል፣ እንደ ጥፍር ጭረት።
አንድ ሌሊት መኪና ነው አልኩ።
በማግስቱም። በሠልስቱም። እዚያው ሰዓት፣ እዚያው ልክ።
ቧንቧው ተቀዶ ይሆን? ቀዳዳ ሰዓት አያውቅም፤
ቀዳዳ ሥራውን ጨርሶ ራሱን አይደፍንም።

የነሐሷን ክብ ከጆሮ ማዳመጫ አያይዤ፣
መሰላል ላይ ወጣሁ ትንፋሼን ይዤ።
መጀመሪያ የብረት ሽውታ፤
ቀጥሎ ቀጭን ውሃ፣ ለሰው እንዳይሰማ የተገታ፤
ቀጥሎ ሰው። ሴት። ሹክሹክታ።
በአማርኛ።
«አንድ… ሁለት… ሦስት… አራት…»
እንደኔው ትቆጥራለች፣ ጀሪካን እንደያዘ፤
ሰባት ላይ ዘጋችው። ቧንቧውም ፈዘዘ።

ከማን ቤት ወጥታ ነው? ፓስፖርቷ ማን መሳቢያ ውስጥ ነው?
አላየኋትም፤ የሷ የማውቀው
ሰባት ሰከንዷን ነው። ለፊት ይሁን ለመጠጥ፣
ካንድ ሊትር ብዙም የማይበልጥ።

ጠዋት አቡ ሱልጣን መጣ፤ «ሌባዬን ያዛችሁ?»
ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ተንሳፋፊው ተሰብሮ፣
ሲፈስ ያደረውን አሳየነው በቁጥር አስደግፈን።
እውነት ነው። ሙሉው እውነት ግን አይደለም።

ማታ ብቻዬን ሆኜ መስመሩን ከፍ አደረግሁ፣
ጥቂት፣ በጣም ጥቂት።
ሦስት መቶ አራት፦ ዜሮ።
ቢጁ ሲነጋ ቁጥሩን አየ፣ እኔንም አየ፤
«ኮምፕረሰር ነው» አልኩት።
ፕላስተሩን ባውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ተለየ።

አሁን ብትቆይም፣ ብታሰፋም አይታይባትም፤
እሷ ግን ይህን አታውቅም።
ዘጠኝ ከአርባ ሲሆን ማዳመጫዬን እሰካለሁ፤
እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች፣ አብሬ እቆጥራለሁ፤
ሰባት ላይ ስትደርስ ከንፈሬን ለብረቱ አስጠግቼ
«ስምንት በይ» እላለሁ፣
«ስምንት።»